ትልቋ ለሥራ ወጥታለች

«ትልቋ ልጃችን ለሥራ ከከተማ ወጥታለች።»

እናቴ ይህችን ዓረፍተ ነገር በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አራት ጊዜ ስትለማመዳት ሰማኋት። አንዴ ፈጠን አድርጋ፣ አንዴ ረጋ ብላ፣ አንዴ «ልጃችን» የሚለውን ትታ፣ በመጨረሻ ደግሞ «ምን ይደረግ፣ የዛሬ ልጆች ሥራቸው መች ያስቀምጣቸዋል» የሚል ሳቅ ጨምራበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ጆሮ ግን ባዳ የመሆን ዕድል አግኝቶ አያውቅም። የመኝታ ክፍሌ በር በቀጥታ ሳሎኑ ላይ ነው የሚከፈተው፤ በሩም ከስስ ጣውላ የተሠራ ስለሆነ አባቴ ሬዲዮኑን ዝቅ ሲያደርገው እንኳ የትኛውን ጣቢያ እንደሚሰማ እለያለሁ። ከከተማ የወጣችው ትልቋ ልጅ እኔ ነኝ። ከእናቴ በሦስት እርምጃ ርቀት፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አጥፌ፣ የሞቀ ውሃ የያዘ የላስቲክ ከረጢት ሆዴ ላይ አቅፌ ተኝቼ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የታናሽ እህቴ እጮኛ ቤተሰቦች ሊተዋወቁን ይመጣሉ። ሚጢ እንላታለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ በቁመት አባታችንን በልጣም ሚጢ ናት። ስምንት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኳት፣ የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል አፏን በጨው ውሃ ያጠብኩላት እኔ ነኝ። እናቴ የፈራችው ነገር ግልጽ ነው። እኔ በወር ውስጥ አሥሩን ቀን የምተኛ፣ አንዴ ሆዴ ተከፍቶ የተሰፋ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ ሴት ነኝ። የልጁ እናት እኔን ካየች «ምኗን ነው የሚያማት?» ትላለች። ቀጥላ «በዘር ይሄዳል እንዴ?» ትላለች። ከዚያ ዞር ብላ ሚጢን ከላይ እስከ ታች ታያታለች። እናቴ ይህን ሁሉ ያሰበችው በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ እቆጣ ነበር።

በሽታዬ ስም አለው፤ በቤታችን ግን ስሙ አይጠራም። ሐኪሙ ያስረዳኝ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ ነው። በማህፀን ውስጥ ብቻ መብቀል ያለበት ነገር ከማህፀን ውጪ ይበቅላል፣ ከአንጀትና ከፊኛ ጋር ይጣበቃል፣ የወር አበባ በመጣ ቁጥርም እዚያው በተጣበቀበት ይደማል። ቆርጠው አወጡልኝ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ በቀለ። አረም ነው በቃ። እናቴ «የወር ነገር» ትለዋለች። አክስቴ «እኛስ ሴቶች አይደለንም?» ትላለች። አባቴ ምንም አይለውም። ሁለተኛው በሽታዬ ደግሞ ደሙም ቆሞ፣ ሆዴም ዝም ብሎ፣ ፀሐይም ወጥታ ከአልጋ መነሳት የሚያቅተኝ ነገር ነው። እዚያ ላይ አላለቅስም፣ አላዝንም፤ ግድግዳ ብቻ አያለሁ። የሰው ድምፅ ከሩቅ ይመጣብኛል፣ መልስ መስጠት ድንጋይ እንደ መሸከም ይከብደኛል። ለዚህኛው ደግሞ ማንም ሳያውቅ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ሐኪሟ ክኒን ጻፈችልኝና «ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጨርሺ። ሁለተኛው ከመጣ ትርፍ ነው» አለችኝ። እኔም ፊቴን ስታጠብ «አንድ» እላለሁ። ፀጉሬን የታጠብኩ ቀን ሀብታም ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ በሽተኛዋን ራሷን ለሚደብቁ ምን እንደሚደረግ ግን ተረቱ አይናገርም።

እናቴ ሻይ ይዛ ገባች። ስኒውን ከመድኃኒቶቹ አጠገብ አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሬን ላለመንካት ተጠንቅቃ ተቀመጠች።

«ሰምተሻል መሰለኝ» አለች።

«ሰምቻለሁ። የመጨረሻዋን ሳቅ ተያት፣ ታስነቃብሻለች።»

ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ውሃ ሞላ። የእናቴ ነገር እንደዚህ ነው። ለጎረቤት፣ ለመንገደኛ ማር ናት፤ እኔ ላይ ስትደርስ ምላሷ ይሻክራል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ብዬ ልገላገላት ስል ደግሞ እንዲህ ዓይኗ ይሞላና አንጀቴን ትበላዋለች። «ለዛሬ ብቻ ነው የኔ ልጅ» አለችኝ። «ነገሩ አንዴ ይቋጠር እንጂ፣ ለሠርጉማ ከሥራሽ ተመልሰሽ ከእህትሽ ጎን ትቆሚያለሽ። ማን ሊከለክልሽ! በሞቴ እንዳትቀየሚኝ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ልጥፋ?»

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሥራ ቦታሽ ቆዪ፤ ሙቀትም አለ፣ ሰውም አለ።»

እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ለሠርጉ ብዬ ነው። ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወራት አንድ ቀን፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር የምፈልግ አይመስለኝም ብዬ አስቤ ነበር፤ ሐሳቡ አላስፈራኝም፣ እንዲያውም አሳረፈኝ። ያ ነው በኋላ ያስፈራኝና ሐኪሟ ጋ የወሰደኝ። ከዚያ ሚጢ አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ዘላ ወጥታ «ላገባ ነው!» ስትለኝ የሆነ ነገር እንደምፈልግ ታወቀኝ። ቀሚሷን በእጄ ልሰፋላት፣ በዚያ ቀን ከጎኗ ልቆም፣ ሰው ሲጠይቅ «እህቷ ነኝ» ልል ፈለግኩ። ሌላ ምንም የለኝም። ትዳሩም ልጁም በየተራ ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ ይህች ግን ቀርታለች። ለእሷ ስል አንድ ቀን ከቤት መጥፋት ትልቅ ነገር አይደለም። ፊቴን ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ደረጃውን ወረድኩ።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ምድር ቤት ነው። ስድስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ሦስት አምፖሎች አሉት። ባለቤቷን ከጀርባዋ «ሚሊሜትር» ነው የምንላት፤ አንድ ስፌት ከመስመሩ ፍንክች ካለ መላውን እጅጌ ታስፈታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብላ ስለሠራች ቀጥ ብላ መቆም አትችልም፤ ይሁንና የሰው ልብስ ላይ ያለውን መጣመም ከሩቅ ታያለች። ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። አንድ ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል በስፒል አያያዝኩ። ፈታሁት። እንደገና በቀኝ በኩል አያያዝኩት። እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚሠራው የመጀመሪያ ሳምንት ተለማማጅ ነው፤ እኔ በሥራው አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሚሊሜትር መጥታ እጅጌውን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ግንባሬ ላይ ላብ ነበር።

«ሂጂ ቤትሽ ተኚ» አለችኝ።

«እስከ ማታ ብቆይ ይሻለኛል።»

«እዚህ ወድቀሽ ማን ተሸክሞ ደረጃ ያወጣሻል? እኔ ነኝ? ወገቤን አታይም? ሂጂ አልኩሽ።» ኮቱን ከእጄ ወሰደችው። ቤቴ ዛሬ እኔ የሌለሁበት ቤት ነው ብዬ ልነግራት አልቻልኩም። እንዴት ብሎ ይነገራል?

ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ቤቱ ባዶ ነበር። እናቴና ሚጢ ፀጉር ቤት፣ አባቴ ለስላሳ መጠጥ ሊገዛ ሄደዋል። ሳሎኑ ተወልውሎ፣ ወንበሮቹ በአዲስ ልብስ ተሸፍነው፣ ከጎረቤት የተዋስናቸው ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ጋደም ልበልና ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ውሃ አሙቄ ከረጢቱን ሞላሁ፣ ከባዱን የሕመም ማስታገሻ ሁለት ዋጥኩ። ከባዱ እንደሚያስተኛ አውቃለሁ፤ ግን ሕመሙ ሲመጣ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። ሜትሩን ከአንገቴ ሳላወርድ፣ የሥራ ጃኬቴን እግሬ ላይ ጥዬ ተኛሁ። የሚጢ ቀሚስ ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዓይኔን ስከድን የቀረኝን የጀርባ ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር።

የቀሰቀሰኝ የወንዶች ሳቅ ነው። ቀጥሎ የስኒ ድምፅ፣ የማላውቃት ሴት ወፍራም ድምፅ፣ ከዚያም የእናቴ ድምፅ መጣ። «ትልቋ ለሥራ ከከተማ ወጥታለች።» ረጋ ብላ፣ ያለ ሳቅ አለችው። ምክሬን ሰምታለች። እቤት እንዳለሁ አታውቅም፤ በጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ተጠቅልዬ የቆየሁ ነው የሚመስላት። አንድ የሽማግሌ ድምፅ «ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይሄኛው አልተጠናም። የአባቴ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ሚጢ «ፕሮጀክት ነው» አለች። ፕሮጀክት የሚባል ነገር ጥሩነቱ፣ ማንም ደፍሮ ምንነቱን አይጠይቅም። ሽማግሌው «አሃ!» አለና አለፈ። እናቴ ግን ከገደል ጫፍ ተመልሳ የመጣች ያህል ልብ አገኘች። ትልቋ እኮ አንድ ቦታ አትቀመጥም አለች። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ትሮጣለች፣ ምግብ አትመርጥም፣ አንድ ቀን እንኳ ራሴን ብላ አታውቅም፣ ሰው ስትወድ! እኔ ብርድ ልብሴን አፌ ላይ ይዤ አዳመጥኳት። በዚያች ልጅ ቀናሁ። እናቴ እንደዚያ በፍቅር ስለ እኔ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም፤ አሁንም ያወራችው ስለ እኔ አልነበረም።

መነሳት ነበረብኝ። ደሙ እየፈሰሰ እንደሆነ ይሰማኛል፤ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ከሳሎኑ ማዶ ነው። መስኮቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያውን እያየሁ ጸለይኩ ማለት ይቻላል፤ ሻዩን ጠጥተው እንዲሄዱ፣ ወይ መብራት እንዲጠፋ፣ የሆነ ነገር እንዲሆን። የሆነው ግን ሌላ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት «ቀሚሱ እየተሰፋ ነው አላችሁኝ፤ እስቲ ልየው» አለች። ሚጢ በደስታ «እዚህ ክፍል ነው የተሰቀለው!» ብላ ብድግ አለች። እናቴ «ቆይ፣ ክፍሉ አልተነሣም…» ስትል የሴትየዋ እርምጃ ቀድሟት በሩ ጋ ደርሷል። እንደምንም ተነሣሁ። ብርድ ልብሱን ጎትቼ አንሶላውን ሸፈንኩ። በሩ ተከፈተ።

የልጁ እናት ዳቦ ቤት እንዳላት ሚጢ ነግራኛለች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ክንዷ ላይ ከምድጃ የቀረ የቃጠሎ ጠባሳ የሚታይ ሴት ናት። ከኋላዋ ሚጢ፣ ከሚጢ ኋላ እናቴ ቆመዋል። ሴትየዋ ቀሚሱን ሳይሆን እኔን አየች። «ይቺስ?» አለች። አሁን መጣሁ፣ አሞኝ ተመለስኩ፣ ትልቋ ነኝ ማለት እችል ነበር። አፌን ስከፍት የእናቴን ፊት አየሁ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር። ልመና ነበር። ሚጢም እጇን አፏ ላይ ጭና በዓይኗ ትለምነኛለች። እጄ በራሱ ወደ አንገቴ ሄዶ ሜትሩን ያዘ።

«ልብስ ሰፊዋ ነኝ» አልኩ። «የሙሽራዋን ቀሚስ ላስተካክል መጥቼ ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ሰፊያችን ናቸው» አለች እናቴ፣ ትንፋሿ ሲመለስ ተሰማኝ። «እርስዎ ገና አልጨረሱም እንዴ?» እናቴ እኔን አንቱ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደህና ሆንኩ። ወገቤ ቀና አለ፣ ድምፄ ወጣ። ቀሚሱን አውርጄ ዘረጋሁላት፤ ገበሩ ለምን ስስ እንደሆነ፣ ጀርባው ላይ ያሉት ሠላሳ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች እንዴት በእጅ እንደሚተከሉ፣ ሙሽራዋ ስትቀመጥ ጨርቁ እንዳይጨማደድ ወገቡ ላይ ምን እንዳደረግኩ አስረዳኋት። ሰፊዋ ማህፀን የላትም፣ ግድግዳ አታይም፤ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። ሚጢ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። የዳቦ ቤቷ እመቤት ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና «እጅሽ ይባረክ» አለች። «ለልጄ ሠርግ እኔም አንድ ቀሚስ ላሰፋ ነበር። እግረ መንገድሽን ልኬን ብትወስጂልኝስ?» እናቴ «ኧረ አሁን ምን ያስቸኩላል» እያለች ሳለ ከማድ ቤት ሻይ ገንፍሎ ሲንተከተክ ተሰማ። እያማተበች ሮጠች። ሚጢንም በክንዷ ይዛ ወሰደቻት፤ ልጅቷ ከቆየች እንደምትስቅ ወይም እንደምታለቅስ አውቃለች።

የሴትየዋን ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ ለካሁ። ቁመቷን ለመውሰድ ተንበረከክኩ። መንበርከኩ ላይ ችግር አልነበረም፤ መነሳቱ ግን እምቢ አለ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተጠማዞ ተጎተተ፣ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ፣ እኔም ግንባሬን የአልጋው ጠርዝ ላይ ደግፌ ቀረሁ። ሴትየዋ አልጮኸችም። ሁለት እጇን በብብቴ ሥር አስገብታ፣ ሊጥ እንደለመደ ሰው በአንድ ጊዜ አንሥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። «ቁጭ በይ» አለች። በዚያ ቀን ቁጭ በይ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ከኋላሽ ነክቶሻል፣ ልጄ» አለችና ጃኬቴን ከአልጋው አንሥታ እጅጌዎቹን ሆዴ ላይ አሰረችልኝ፤ ኋላዬ ተሸፈነ። ከዚያ ዙሪያዋን አየች። ጎድጎድ ያለውን ትራስ፣ አሁንም የሚሞቀውን ከረጢት፣ የክኒኖቹን ማሸጊያ አየች።

«የማን ክፍል ነው?»

«የትልቋ ልጅ ነው» አልኩ።

«ያቺ ለፕሮጀክት የወጣችው?»

«አዎ። እሷ።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ እኔ ግን ጠባሳዋን ነበር የማየው። «ስትመለስ ንገሪያት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የልጁ እናት እንዴት ነሽ ብላሻለች በያት። ሠርጉ ቀን ከእህቷ ጎን ባያት ደስ ይለኛል በያት። መቆም ካቃታት ወንበር አስቀምጥላታለሁ፤ እኔው ራሴ አስቀምጥላታለሁ። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«እንዳትረሺ።»

ቦርሳዬን ይዤ ሳሎኑን አቋርጬ ወጣሁ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ የልጁ አጎት፣ ሙሽራው ራሱ ተቀምጠዋል። «ሰፊያችን ናቸው» አለች እናቴ ኬክ እየቆረሰች። አባቴ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። በእርግጥ ተነሣ፤ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቶ ነበር፣ አፉም ተከፍቶ ነበር። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ልክ ሳይሆን ሲቀር መምታት የሚጀምር አንድ የደም ሥር አለችው ግንባሩ ላይ። እናቴ «የእርስዎ ሻይ እየቀዘቀዘ ነው» አለችው። አባቴ እጁን መለሰ፣ «ደህና ይሁኑ» አለኝና ተቀመጠ። ሚጢ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እታለም፣ አዳንሽኝ» አለች በጆሮዬ። እንደ ድሮዋ ትንሽ ልጅ ትሸታለች። ከዚያ ተመልሳ ሮጣ ገባች።

ቆሜ መቆየት ስለማልችል አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ወንበር ካገኘሽ ማንም ምን ቤት ነሽ አይልሽም። መጨረሻው ላይ ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና «ደርሰናል እህት» አለ። «ልመለስ ነው» አልኩት። ራሴን መስታወቱ ላይ ደግፌ እንደ እናቴ አንዲት ዓረፍተ ነገር እለማመድ ነበር። «አውቃለች፤ ግድም አልሰጣት፤ ወንበር አስቀምጥላታለሁ አለች።» ነገሩን ሳስበው ሳቄ መጣ። ስንት ወር የተፈራው ሰው መጣ፣ አየኝ፣ ጃኬት አሰረልኝ፣ በቃ። እገባለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ሚጢ ትዘላለች። ከመንገዱ ዳር ሰዎች ዳቦ፣ ካልሲ፣ ያገለገለ መጽሐፍ ይሸጡ ነበር፤ ሁሉንም አየኋቸው። ከወራት በኋላ መንገድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገባሁ። እንግዶቹ ሄደዋል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች፣ ሚጢ የተረፈውን ኬክ በጣቷ ትለቅማለች፣ አባቴ የጠፋ ሬዲዮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። «ጎሽ!» አለች እናቴ ገና ስታየኝ። «ጎሽ የኔ አንበሳ! እንዴት እንደዚያ ቶሎ መጣልሽ! እኔ እኮ እግሬ ከድቶኝ ነበር!» ግንባሬን ሳመችኝ። መቼ እንደሳመችኝ አላስታውስም። ሚጢ እኔን እያስመሰለች «ገበሩ ስስ የሆነው…» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ። የተቀመጠልኝን ምግብ እናቴ አሙቃ አመጣች። ቀኑ ተቆርጧል፣ የልጁ ቤተሰቦች በጣም ወደውናል፣ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ሻይ አስቀድተዋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ አድርጌ ነበር። ልናገራት ስል አንድ ነገር ልቤን ያዘውና መጀመሪያ ሌላ ጠየቅኩ።

«ለሠርጉስ?» አልኩ።

«ምን ለሠርጉ?»

«ሁሉም አይተውኛል። ሰፊዋ ነኝ አላችኋቸው።»

እናቴ እግሯን ማሸት አቆመች። እንዳላሰበችበት ከፊቷ አየሁ፤ እንደገባትም አየሁ። ወደ ሚጢ ዞረች። ሚጢ ወደ ጣቷ። አባቴ የጠፋውን ሬዲዮ ማዞሪያ ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። እኔ ማንኪያዬን አስቀምጬ ጠበቅኳቸው። ብዙ አልፈለግኩም። «እህቴ ናት፣ ዋሽተን ነው እላቸዋለሁ» ይበል አንዳቸው። ወይም «ይበላሽ ከተበላሸ» ይበል። ባይሆንላቸው እንኳ ይበሉት፤ ለመናገር ያህል ይበሉት፣ እኔ ወዲያው ወንበሩን እነግራቸዋለሁ፣ ማንም ምንም አያጣም። በወጥ ቤት ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር። ቆጠርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ።

«ሰፊ ደግሞ እኮ…» አለች ሚጢ በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «ሙሽራ ለማልበስ ትመጣለች። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እንሆናለን። ከአንቺ በላይ የሚቀርበኝ የለም፣ እታለም።»

«እውነቷን ነው!» አለች እናቴ፣ ከውሃ እንደወጣ ሰው። «እንዲያውም ለአንቺም ይሻልሻል። መቆም የለ፣ መንገላታት የለ። አልብሰሻት ቤትሽ መጥተሽ ጋደም ትያለሽ።»

አባቴን አየሁት። ግንባሩ ላይ ያለችው የደም ሥር ትመታ ነበር። «ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለ።

«እሺ» አልኩ። ልቤ ሲሰበር ድምፅ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ሁለቴ ጎረስኩ። እናቴ ፊቴን ስታይ ቆየችና አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ለመሆኑ ሴትየዋ ብቻችሁን ስትሆኑ ምን አለችሽ? የጠረጠረችው ነገር አለ?»

ሦስቱም አዩኝ። አባቴም ሳይቀር ከሬዲዮኑ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልኳን ነው የወሰድኩት» አልኩ። «ስለ እኔ ምንም አላለችም።»

«ተመስገን!» አለች እናቴ።